አሥራ ሰባት ዓመት ሳይቀምስ

ተክለአብ የአሳማ ሥጋ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ነገር ግን ቻይናዎች በስኳርና በሶይ ሶስ ቀይ አድርገው የሚሠሩትን የአሳማ ወጥ ለንደን ውስጥ ከእሱ የተሻለ የሚሠራ ሐበሻ አለ ቢሉት በሳቅ ይሞታል።

ተሰዶ በመጣ በዓመቱ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ሰሃን አጣቢ ሆኖ ገባ። ሽማግሌው ዋና ወጥ ቤት፣ ሚስተር ሊን፣ የእጁን ቅልጥፍና አይተው ከምድጃው አጠገብ አቆሙት። ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ አሥራ ሰባት ዓመት ከዚያ አልተነቃነቀም። ጨው የምትቀምስለት ሽንኩርት ከታፊዋ ቻይናዊት ነበረች። እሱ በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በጆሮው ይሠራል። ንስሐ አባቱን ቢጠይቅ፣ «ካልበላኸው እጅህን ታጠብና ሥራህን ሥራ» ብለውታል። ከቅዳሴ በኋላ «አሳማው መጣ» እያሉ የሚያንሾካሹኩትን ከሰው አይቆጥራቸውም። ግማሾቹ ሂትሮው ለአውሮፕላን መንገደኛ የአሳማ ሳንድዊች ሲያሽጉ የሚውሉ ናቸው።

የእህቱ ልጅ ሶልያና ኦሊቨር የሚባል እንግሊዛዊ አገባች። ሰውየው አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ቻይና ደርሶ ከመጣ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለዚሁ ወጥ ሆነ። አንድ ቀን ሶልያና ደወለች።

«ጋሼ፣ እሑድ ምሳ እኛ ጋ ነዎት። የኦሊቨር እናት ይመጣሉ። እሱ ያንን የቻይና ፖርክ ሊሠራ ነው። ለእርስዎ ሽሮ አለ፤ ፕሊስ እንዳይቀሩ።»

«እሱ ነው የሚሠራው?»

«ቪዲዮ አይቶ ተለማምዷል።»

«ቪዲዮ አይቶ አውሮፕላንም ይነዳል» አለ ተክለአብ። እንዲያም ሆኖ እሑድ ረፋዱ ላይ ከሼፈርድስ ቡሽ ተነሥቶ ሃክኒ ሄደ።

ኦሊቨር የቻይና ፊደል የታተመበት ሽርጥ አገልድሞ ጠበቀው። ግድግዳው ላይ ስምንት ቢላዋ ተደርድሯል፤ አንዱም ተስሎ አያውቅም።

«አንተ እንግዳ ነህ፣ ቁጭ በል» አለው። «ሶሊ ቻይና ቤት ሰሃን ታጥብ ነበር ብላኛለች።»

ተክለአብ ቁጭ አለ። ኦሊቨር ሥጋውን በፈላ ውሃ ገንፈል አድርጎ አረፋውን ሳያስወጣ፣ ስኳሩን በዘይት ማቅለጥ ጀመረ። ስኳሩ ማር መስሎ ሳለ ስልኩን አነሣ፤ ስልኩን ሲያስቀምጥ ስኳሩ ሬንጅ መስሏል። ያንን ሬንጅ ሥጋው ላይ ገለበጠና ከቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ከዚያማ ክዳን መክፈትና መዝጋት ሆነ። ሰው በር ላይ የቆመ እንግዳን እንኳ እንደዚያ እየደጋገመ አያይም።

«ውሃው ፍል ቢሆን ኖሮ ሥጋው አይደርቅብህም ነበር» አለ ተክለአብ፣ ምላሱን መያዝ ቢያቅተው።

ኦሊቨር በትዕግሥት ፈገግ አለ። «አንተኮ አትበላውም። በምን አወቅህ?»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አለ ተክለአብ በሆዱ፤ እጁንም አጣጥፎ መፈታቱን ጠበቀ። ብዙም አልቆየ። የተቃጠለ ስኳር ሽታ ቤቱን ሞላውና ሶልያና ከመኝታ ቤት እየሮጠች መጣች። ኦሊቨር አንድ ቁራሽ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ።

«ጋሼ፣ በማርያም!» አለች በአማርኛ። «እናቱ ሊደርሱ ሁለት ሰዓት ቀራቸው። ፍሪጅ ውስጥ የተረፈ ሥጋ አለ።»

ተክለአብ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለ። ኦሊቨርን «ዝንጅብል ላጥ» አለውና ወደ ምድጃው ዞረ። ከነቆዳው ያለውን የሆድ ሥጋ እኩል እኩል ቆርጦ አንድ ጊዜ አገነፈለው፤ አጠበው። ስኳሩን ዓይኑን ሳይነቅል አቀለጠ፤ ሻይ ሲመስል ሥጋውን ጨመረ። ቁራሹ ሁሉ ቀለም እስኪይዝ አገላብጦ፣ ዝንጅብሉን፣ ቀረፋውን፣ ሶይ ሶሱንና ፍል ውሃውን አከታተለ። ክዳኑን ገጠመና እሳቱን ዝቅ አደረገው። ኦሊቨር ክዳኑን ሊያነሣ እጁን ቢሰድ፣ በእንጨት ማማሰያው ጣቱን ቸብ አደረገው።

«ሲፈላ ይሰማል። ጆሮ የለህም?»

የኦሊቨር እናት ማርጋሬት መጡ፤ ምሳ ቀረበ። ሥጋው በማንኪያ ይቆረሳል። ማርጋሬት አንዴ ጎርሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምስጢሩ ስኳሩ ላይ ነው» አለ ኦሊቨር። «ቻይና ሳለሁ ነው የገባኝ።»

ሶልያና አንገቷን ደፋች። ተክለአብ በሽሮው ላይ አጎንብሶ አማቹን አንዴ ቀና ብሎ አየው፤ ድመት የሰው ወንበር ላይ ወጥታ ስትገኝ እንደምትታየው ያለ አስተያየት ነበር። እንዲህ ካለው ሰው ጋር መከራከር ለእሱ ክብር መስጠት መስሎ ታየው።

ከምሳ በኋላ ሰሃን ሲያጥብ ማርጋሬት ፎጣ ይዘው አጠገቡ ቆሙ።

«ልጄ ሻይ እስኪፈላ የሚጠብቅ ሰው አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄን ማን ሠራው?»

«እሱ ዝንጅብል ልጧል» አለ ተክለአብ።

ማርጋሬት እስኪያስላቸው ሳቁ። «ታስተምረኛለህ?»

«ከባድ ድስት አለዎት?»

«የእናቴ ድስት አለ።»

«ስልክ ሳያዩ መቆምስ ይችላሉ?»

«ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበርኩ» አሉት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አክተን ቤታቸው ሄደ። ከተናገረው አንዲት ቃል አልሳቱም፤ ጨው እንዳነሰውም ቀምሰው የነገሩት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ብቻቸውን ሠርተው ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፤ ያስተማራቸውንም ስሙን ጠርተው ተናገሩ። ቀለሙ ትንሽ እንደገረጣ ተክለአብ አይቷል፤ አልተናገረም።

ኦሊቨር ሲሰማ ደወለ።

«የእኔን ምግብ ሄደህ ለእናቴ አስተማርካት?»

«የማንን ምግብ?» አለ ተክለአብ። ሳቁ እስኪያልፍለት ስልኩን ከጆሮው አራቀ፤ ሲመልሰው መስመሩ ተዘግቷል።

ኦሊቨር እስከ ፋሲካ አኮረፈ። ሶልያና መሐል ገብታ ለማስታረቅ ደጋግማ ደውላለች። ተክለአብ ግን የቸኮለ አይመስልም።