የጠበበው የሚዜ ቀሚስ

«እኔ አልወፈርኩም፣ ቀሚሱ ነው የጠበበው» ብላ ሚዜዋ ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ እየጮኸች ወጣች። ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሏል።

«ቀሚስ በተሰቀለበት አይከሳም፣ የኔ ልጅ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ዓይኗን ግን ከስፌት መኪናዋ ቀና አላደረገችም።

ሃያ ዓመት ሙሉ የሚዜ ቀሚስ ስትሰፋ ኖራለች፤ ሚዜ ሁኚኝ ያላት ግን አንድም ሰው የለም። ትናንት ሱቁ ጭር ሲልላት ይሄንኑ ቀሚስ አጥልቃ መስታወት ፊት ሽክርክር ስትል፣ ወገቡ ጋ ትርትር አለ። የተቀደደውን ወደ ውስጥ አጥፋ ስትሰፋው ሁለት ጣት ጠበበ። ይኸው አሁን ጥፋቷን በሰው ልጅ ሆድ ላይ ለጠፈች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እንወራረድ፣ እትዬ» አለች ሚዜዋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ይለኩኝ። ጨምሬ ከሆነ ቅዳሜ ከሠርጉ በፊት ለሙሽራዋ በምናዘጋጀው ብራይዳል ሻወር ላይ ኬክ በአፌ አይዞርም። ካልጨመርኩ ደግሞ እርስዎ እንደኛው የሚዜ ቀሚስ ለብሰው መጥተው አብረውን ፎቶ ይነሳሉ።»

የሰፊዋ ፊት እሳት መሰለ።

«ሜትሩን የት እንዳደረግኩት እንጃ» አለች።

«አንገትዎ ላይ ነው፣ እትዬ።»

እጇ ሜትሩን ጨበጠው፤ መሳብ ግን አቃተው፤ ብትለካት ጥፋቷ ይወጣል፣ ሃያ ዓመት የተመኘችው የሚዜ ቀሚስም ይደርሳታል።