ባለቤት ያጣው የድንጋይ ቁልል

በዚህ በሰው አገር፣ አሁን በምኖርበት በኪሌሌሽዋ ሰፈር ለአዲስ ፎቅ መሬት በቆፈሩ ቁጥር፣ ካፊያ የነካው የድንጋይ ብናኝ ሽታ በመስኮት እየገባ ደሜን ያፈላዋል። ሌላው ሰው ዝናብ ሸተተኝ ብሎ ደስ ይለዋል፤ እኔን የሚሸተኝ ያደግሁበት ሰፈር ካሳራኒ ነው።

ካሳራኒ ከተከራየናት ቤት ጀርባ፣ ድንጋዩ ሲያልቅ ጥለውት የሄዱት የድንጋይ ማውጫ ካባ ነበር። ከጉድጓዱ ወጥቶ ማንም ያልፈለገው ፍርፋሪና ዱቄት ተቆልሎ ከጣሪያችን በላይ ሆኖ ነበር። በጥርና በየካቲት ነፋሱ ዱቄቱን እያነሳ ከትራሳችን እስከ ሽሯችን ይነሰንሰው ነበር፤ እኔ አስም ስለነበረብኝ፣ እናቴ በየመስኮቱ እርጥብ አንሶላ ሰቅላ፣ ከትምህርት ቤት አስቀርታኝ፣ ትንፋሼን ስታዳምጥ ትውል ነበር።

ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ ያው ዱቄት ጭቃ ሆኖ በጓሮ በር ይገባ ነበር። ጎማ ጠጋኙ አባቴ የቤቱን ባለቤት ሲጠይቀው «ቁልሉ የኔ አይደለም» አለው፤ የከተማው ካውንስል ቢሮ ሲሄድ «የካባው ባለቤት ያመልክት» አሉት፤ የካባውን ባለቤት የሚያውቅ ግን አልነበረም። እንዲህ እየተመላለሰ ሁለት ክረምት አለፈ።

«ልጅቷ እየታፈነች አንተ ባለቤት ትፈልጋለህ? ቤት እንቀይር» ትለው ነበር እናቴ።

«እኛ ብንሄድ የሚቀጥለው ተከራይ ልጅ ይታፈናል። ደግሞስ ኮንሶ ተወልጄ ድንጋይ ያሸንፈኛል?»

የኮንሶ ሰው ተራራውን በድንጋይ ካብ አስሮ ነው የሚያርሰው። አባቴም በዚያ አገር ብርድ እንጂ ዝናብ በሌለው ሐምሌ፣ እሁድ እሁድ ከቁልሉ ውስጥ ትልልቁን ድንጋይ እየለቀመ፣ ዱቄቱ እንዳይወርድ በየደረጃው ካብ ይክብ ጀመር። አንድ ነገር ግን ዘነጋ። በአገሩ ከሰው ካብ ላይ ድንጋይ የሚነቅል የለም፤ ካሳራኒ ግን ተስተካክሎ የተደረደረ ድንጋይ ያየ ሁሉ ለመውሰድ የተዘጋጀ ይመስለዋል። እሁድ የካበውን ሰኞ በፒክአፕ ይጭኑት ነበር። ጎረቤታችን ማማ ኬቪን እንኳ ለዶሮ ቤቷ መሠረት የሚሆናትን ከወሰደች በኋላ መጥታ «አሳንቴ ባባ ማርታ፣ መልካም መልካሙን መርጠህ ደረደርክልን» ብላ በእኔ በልጁ ስም ጠርታ አመሰገነችው። እናቴ «ውኃ ቅዳ፣ ውኃ መልስ» እያለች ትነጫነጭ ነበር፤ እኔም የሰው መሳቂያ ስላደረገን ተናድጄበት ነበር።

ነገሩን ያስረዳናት ጊዜ ማማ ኬቪን አፈረች። «ሻምባ፣ የጓሮ እርሻ አድርጉት፤ ሰው የተከለበትን እዚህ ማንም አያፈርስም» አለችን። የጥቅምቱ ዝናብ ሳይመጣ እሷና እናቴ ሆነው ከከብት አርቢዎች ፍግ በጆንያ እየተሸከሙ፣ በየካቡ ላይ አፈር አልብሰው የስኳር ድንችና የከብት ሣር ተከሉበት። ሐረጉ ቁልሉን ሲሸፍነው ድንጋይ የሚነካ ጠፋ። በጥር እናቴ አንሶላ አልሰቀለችም፤ እኔም ያን የአቧራ ወራት አንድ ቀን ሳልቀር ተማርኩ።

ከዓመት በኋላ «የኔ አይደለም» ያለው የቤቱ ባለቤት ቀያሽ ይዞ መጣና፣ ቁልሉ የሱ እንደሆነ፣ ፎቅ ሊሠራበትም እንዳሰበ፣ ቤቱንም እንድንለቅ ነገረን። እንሂድ እያለች ስትወተውት የኖረችው እናቴ ያን ጊዜ በሩን ቆልፋ አልሄድም አለች። ምን ዋጋ አለው፣ በወሩ ለቀን ሌላ ሰፈር፣ ፓርክላንድስ ገባን።

በቅርቡ አባቴ ካቡን ልየው ስላለኝ ወሰድኩት። አስካሪ የሚሉት የፎቁ ዘበኛ አላስገባንም፤ አባቴ በአጥሩ ቀዳዳ ብዙ ቆይቶ አየና «ታችኛው ካብ ሆዱ ተነፍቷል፤ ሊናድ ነው። ሥሩ ልጆች ይጫወታሉ፤ ለፎቁ ኃላፊዎች ንገሪያቸው» አለኝ። ለፎቁ ቢሮ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አንዴ ማመልከቻ አምጪ አሉኝ፣ አንዴ ባለቤቱ አገር ውስጥ የለም አሉኝ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን የሚያነሳው ጠፋ። ያኔ ቁልሉ ባለቤት የለውም ይሉን ነበር፤ አሁን የባለቤቱ ስም በትልቁ በር ላይ ተጽፏል፣ መልሱ ግን ያው ነው።

አባቴ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው እሁድ ደውሎ የሥራ ጓንቱን የት እንዳኖርኩበት ጠየቀኝ።