ተናጋሪው ያልተጻፈበት አንቀጽ

የልጅ ልጄ ሰሎሜ ትናንት የትምህርት ቤት ወረቀቷን ይዛ መጣች። አንድ ንግግር አንብባ፣ ተናጋሪው አድማጮቹን እንዴት እንዳሳመነ መተንተን አለባት። መግቢያውን ጨርሳለች። የመጀመሪያውን የአካል አንቀጽ ግን በጥቅስ ጀምራ፣ ጥቅሱ የማን እንደሆነ ሳትጽፍ አልፋዋለች።

«ይህን ማን አለው?» አልኳት፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

«አባባ፣ መምህራችን ታውቀው የለ እንዴ!» አለችኝ ደንግጣ።

እኔም በእሷ ዕድሜ እንዲሁ አስቤ ነበር።

ያኔ ሐይቅ ከተማ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከግሸን ተራራ ግርጌ ስለነበር፣ ሰይድ ከሚባል የውጫሌ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ስንቃችን በሶና ቆሎ ነው፤ ሲያልቅ እስከ ውጫሌ በጭነት መኪና እንሄዳለን፣ እኔ ከዚያ ወዲያ በእግሬ። በዚያ ዓመት ሬዲዮው ስለ ኢኮኖሚ ለውጥ ያወራል፤ ጦርነቱ ደግሞ ከወልድያ በኩል እየቀረበ ነው። በልጉ ያጨቀየውን መንገድ የወታደር መኪና ይባስ ያቦካዋል። ሰው ሁሉ ግራ ቀኙን ሳያይ አያወራም። እኔ ደግሞ ድሮም ተጠራጣሪ ነኝ፤ ዛሬም ሰው ያለ ምክንያት ሲስቅልኝ ኪሴን እዳብሳለሁ።

በዓመቱ አጋማሽ መምህር ታደሰ የሚባሉ አዲስ የአማርኛ አስተማሪ መጡ። ከየት እንደመጡ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው የተጠበሰ ቆረሶ ዓሣ ለብቻቸው እየበሉ፣ ትንሽ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ዓሣ እየበላ የሚጽፍ ሰው አይተን አናውቅም። ምን ቢሆን ነው እንዲህ የማያስቆም ጽሑፍ?

አንድ ሰኞ ጥርጣሬያችንን የሚያጸና ነገር አመጡ። ባለፈው እሑድ የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን አደባባይ ሰብስቦ ልጆቻችሁን ለግንባር ስጡ ብሎ ነበር። መምህሩ ያን ንግግር ተንትናችሁ ጻፉ አሉን።

«አንድ አንቀጽ አንድ ነገር ብቻ ይሸከም» አሉ፣ ጠመኔውን በጣታቸው እያሽከረከሩ። «መጀመሪያ የራሳችሁን ሐሳብ ንገሩኝ። ቀጥሎ ማን፣ የት፣ ለማን እንደተናገረው። ከዚያ ቃሉን ጥቀሱ። ጠቅሳችሁም ጥላችሁት እንዳትሄዱ፤ አድማጩ ላይ ምን እንደሠራ አስረዱ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ሰይድ ክንዴን ያዘኝ። «ወላሂ ይሄ ሰውዬ ጆሮ ነው! የጻፍነውን ሰብስቦ ለቀበሌው ሊሰጥብን ነው።»

«ታዲያ አንጻፍ?»

«አለመጻፉም ያስጠረጥራል። አብሽር፣ የማንንም ስም ሳትጠራ ጻፍ። የራስህንም አታስፍር።»

እንዳለኝ አደረግኩ። ሊቀመንበሩ ጎበዝ ተናጋሪ ነበር፤ መጀመሪያ ጠላት የሚለውን ያመጣል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ዘዴው ጻፍኩ። አጻጻፌ ግን የቤተ ክህነት መምህር የነበሩት አባቴ ደቀ መዛሙርታቸውን ሲያስተምሩ እየሰማሁ ያደግኩበት ነው። እዚያ ንባቡ ይቀድማል፣ ትርጓሜው ይከተላል፤ ቃሉ የማን እንደሆነ ጉባኤው ስለሚያውቀው የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የአንቀጼ የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ «ይህ መንግሥት አልቆለታል፤ ልጆቻችሁን ለሞት አትስጡ።» ሊቀመንበሩ የጠላት ወሬ ብሎ ከጠቀሰው የወሰድኩት ነው። የሊቀመንበሩን ስም ግን ከፍርሃቴ የተነሳ የትም አላሰፈርኩም። ለመምህሩ ሳስረክብም በጥንቃቄዬ ኮርቼ ነበር።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ክፍላችን ገባ። መምህር ታደሰን ከፊት አቁመዋቸዋል። ወደ ደሴ መውጫው ኬላ ላይ ቦርሳቸው ተፈትሾ የእኔ ወረቀት ተገኝቷል። ሊቀመንበሩ የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበው። ከሥሩ ያለውን ማንም አላነበበም።

«የእርስዎ ንግግር ነው» አሉ መምህሩ በእርጋታ። «እሑድ ዕለት አደባባይ ላይ የጠቀሱት።»

«እኔ? ይሄ ቃል ከእኔ አፍ ሊወጣ?»

ሃምሳ ተማሪ ሰምቶታል። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛውን ያያል።

«እሺ፣ ማነው የጻፈው?» ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረው። የእጅ ጽሑፌን ከሩቅ ለየሁት። ከመጀመሪያው መስመር በላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ እርማት ሰፍሮበታል፦ «ይህን ማን አለው? ተናጋሪውን አስቀድም።»

መምህሩ የእጅ ጽሑፌን ያውቁት ነበር፤ ቀና ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ። ሰይድ ከጠረጴዛው በታች እግሬን ረገጠኝ። ያኔም እንኳን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አሁን ይጠቁሙኛል ብዬ መምህሩን ጠረጠርኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «የተበላሸ አንቀጽ ምን እንደሚመስል ለተማሪዎቹ ላሳይበት የጻፍኩት ነው። እርማቱም የእኔ ነው።»

ይዘዋቸው ወጡ። ከመስኮቱ ሳይ ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ መምህር ታደሰ ጭቃውን እየዘለሉ በሁለቱ መሀል ይሄዳሉ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ከተማው ገባ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ተፈትተዋል ብሎ ነግሮኛል። ሊያጽናናኝ መስሎኝ አላመንኩትም። ያ ትንሽ ደብተር ምን እንደነበረበትም አላወቅኩም። አሁን አሁን የእኛን ስህተት ይመዘግቡበት ነበር እላለሁ፤ አፍራለሁም።

ይህን ሁሉ ለሰሎሜ ነገርኳት፤ ጸሐፊውን ግን «አንድ ተማሪ» እያልኩ ነው የነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በትኩረት ሰማችኝ።

«እና ልጁ ዝም አለ? ማን ነበር?»

ለሚስቴ ነግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተነፈስኩትም። ወረቀቷን ወደ እሷ መለስኩላት።

«እኔ ነኝ» አልኳት።