የዳሳሹ አውራ ጣት

በቀጭን ሽቦ ከሞተር ብስክሌቱ የኋላ ጎማ ጥርሶች መካከል የተሰነቀሩትን ጠጠሮች አንድ በአንድ ይለቅማል። ሲጨርስ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል፤ ሁልጊዜም በማለዳ፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት። ጎማ እውነቱን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሳለ ነው ይላል። በዚህ የተነሳ በሞተረኞቹ ተራ ላይ ስሙ «ዳሳሹ» ሆኖ ቀርቷል።

«የሚስትህንም ጥፍር እንዲህ ትጠርግላታለህ?» አለው ቁራ። ቁራ የሚሉት አፉ ስለማያርፍ ነው። ሁሉም ሳቁ። ዳሳሹም ፈገግ ብሎ ሽቦውን ኪሱ ከተተ።

ያን ዕለት ከተራው ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት መድኃኒት የሚያደርስላት ቋሚ አመላላሽ ልትመርጥ ነበር። ዳሳሹ ጉልበቱን ታሟል፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ መንገደኛ መጥራት አቅቶታል። ሚስቱም፣ «ይህ ካልሆነ ሞተሩን ሸጠን ወንድሜ ጋ እንጠጋለን» ብላዋለች። ወንድሟ ደግሞ ቁራሽ ሰጥቶ ዓመት ሙሉ የሚያወራ ሰው ነው።

ሥራውን ቁራም ይፈልገዋል።

«ጋሼ፣ እጅህን ታጠብ እንጂ! በዚህ ቅባታም እጅ የመድኃኒት ሣጥን የምትሰጥህ መሰለህ? ሂድ፣ ሞተሩን እኔ አይልሃለሁ።»

ዳሳሹ ቁልፉን ሞተሩ ላይ ትቶ ወደ ቧንቧው ሄደ። ቁራ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ አንድ ጠርሙስ የምድጃ ላምባ ገለበጠበት። ሌሎቹ አዩ። አንዱ፣ «ኧረ ነውር ነው» አለና እሱም ሳቀ። ዳሳሹ መንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን እንኳ ነክቶ አያውቅም፤ ወረፋው ቢረዝምም ከማደያ ነው የሚቀዳው።

ሴትዮዋ መጥታ ሣጥኑን ራሷ አሰረችለት። «ዳገቱ ላይ ላለው ክሊኒክ ነው። ቶሎ ካደረስክ ሥራው ያንተ ነው።»

ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሩ ኡሁ ኡሁ ብሎ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ቆመ። ዳሳሹ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ሁሉም ነገር ገባው። ለሴትዮዋ ደወለ።

«እትዬ፣ ቤንዚኑ ውስጥ ላምባ ጨምረውብኝ…»

«የሚጨምሩብህን የማታይ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ጠንቃቃ ነው ብለውኝ ነበር! በል ቁም፣ ሌላ ሰው እልካለሁ።»

የተላከው ቁራ ነበር። ሣጥኑን ተቀብሎ ከኋላው አሰረ። «አይዞህ ጋሼ፣ ስትወርድ ቁልቁለቱ ያግዝሃል።»

ዳሳሹ ልማድ ሆኖበት የቁራን የፊት ጎማ ጫን አደረገው። አውራ ጣቱ ሰመጠ። ጎማው ጥርሱ አልቆ በጎኑ የውስጥ ሸራው ወጥቷል። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ደግሞ ዳርና ዳሩ ገደል ነው።

«ምን ትዳስሰኛለህ? ልትገዛኝ ነው?»

ዳሳሹ አፉን ከፈተ። የራሱ የጎማ መንፊያ ፓምፕ እዚያው ከሞተሩ መቀመጫ ሥር ነበር። አፉን መልሶ ገጠመ።

«ምንም። መልካም መንገድ።»

ቁራ እያፏጨ ወጣ። ዳሳሹ ሞተሩን ይዞ እያነከሰ ቁልቁል ወረደ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄደ ስልኩ ጮኸ፤ ሴትዮዋ ነበረች።

«የክሊኒኩ ሰዎች ሣጥኑ አልደረሰንም ይላሉ፣ ያም ሰው ስልኩን አያነሳም። አንተ ቅርብ ነህ፤ እባክህ መለስ ብለህ እየው።»

«እሺ እትዬ» አለ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ሞተሩን ወደ ታች መግፋቱን ቀጠለ።