የእህቷ ተማሪ

ልብስ ሰፊዋ፣ ታናሽ እህቷ በትምህርት አዘገጃጀት ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር፣ ያልሆነችላት ነገር የለም። ልጅ ያዘችላት፣ ቤት ጠበቀችላት፣ በመጨረሻም ተማሪ ሆነችላት። ታናሽየዋ በስልክ ገንዘብ መላክ የሚያስተምር ትምህርት አዘጋጅታ ነበርና፣ ሰው ሲማርበት በቪዲዮ መቅረጽ ነበረባት።

"አደራ፣ ፊቴን እንዳታነሺ" አለቻት ትልቅየዋ።

"እጅሽን ብቻ ነው እትዬ። ፊትሽንማ ምን ላደርገው!"

ተሳሳቁ።

ታናሽየዋ የመመረቂያ ጥናቷን በአዳራሽ ባቀረበችበት ቀን ልብስ ሰፊዋ ለዚሁ ብላ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። መብራቱ ሲጠፋ ግድግዳውን የሞላው የእሷ ፊት ነበር፤ ላብ አጥምቆት፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ አንዱን ቁልፍ ደጋግማ ስትስት። "ኧረ ሞትኩ! በላኝ እኮ ይሄ ስልክ!" የሚለው የገዛ ድምጿ ሲሰማ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

"እዚህ ጋ ምን ነካት?" ሲሉ የታናሽየዋ መምህር ጠየቁ።

"ተሳታፊዋ መመሪያ የመረዳት አቅሟ ዝቅተኛ ነው" አለች እህቷ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል። "ትምህርቱን እንደ እሷ ላለ ሰው ማቅለል ነበረብኝ።"

ልብስ ሰፊዋ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ሰው ሲያጨበጭብም አላነሳችውም።

ታናሽየዋ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። "እትዬ፣ አለፍኩ እኮ! በጣም ነው የወደዱሽ። ነይ፣ ከመምህሬ ጋር ላስተዋውቅሽ።"

"ምን ብለሽ?" አለቻት ትልቅየዋ።

ልብስ ሰፊዋ መልስ ሳትጠብቅ የእህቷን እጆች ከአንገቷ ላይ አላቃ ወጣች።