እትዬ ቀስታ እና ጉልበት ጨማሪው ቺፕ

እትዬ ቀስታ ይሏታል። መኪና መንዳት ስታስተምር ከአፏ የማይጠፋው ቃል «ቀስ በል፣ ቀስ በይ» ስለሆነ ተማሪዎቿ ያወጡላት ስም ነው። ንዴቷ ግን ከስሟ ጋር አይተዋወቅም።

የማስተማሪያ መኪናዋ ያረጀች፣ ተርቦ የሚሉት አየር መግፊያ የሌላት ባለ ቤንዚን ናት። ዳገት ላይ ትለግማለች። ጀማሪው ፍሪሲዮን ሲለቅ ቀጥ ትላለች፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክሱን ያንባርቅባታል። ይህን ብሶቷን አንድ ቀን ለመኪና ዕቃ ሻጭ ስታወራ፣ ሰውዬው ከሱቁ ባንኮኒ መስታወት ሥር የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን አወጣ።

«ጉልበት የሚጨምር ቺፕ ነው፣ እትዬ። ይሰኩትና ዳገቱን ሜዳ ያደርግልዎታል።»

«ተርቦ የላትም እኮ።»

«ለሁሉም ይሠራል!»

ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ሰካችው። የሳጥኑ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። መኪናዋም ቀለል ያለችላት መሰላት፤ ለባሏ ሳይቀር አወራችለት። ተማሪ ይዛ ዳገቱን ስትያያዘው ግን ያቺው መኪና እንደ ልማዷ ቀጥ አለች።

ጋራዥ ወሰደቻት። መካኒኩ ገና ሳጥኑን ሲያይ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ተርቦ ያለው ሞተር አየር በግፊት ይገባለታል፤ ደህና ቺፕ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ጉልበት ይጨምርለታል። ያንቺዋ ግን በራሷ ሳንባ ነው የምትተነፍሰው። ትክክለኛው ቢገጠምላት እንኳ ጭማሪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይሄ ደግሞ...» ሳጥኑን ፈለቀቀው። «ከመብራቱ በቀር ምንም የለውም።»

ደሟ ፈላ። ያንገበገባት መታለሏ ብቻ አልነበረም፤ ቀለለችልኝ ብላ በገዛ አፏ ማውራቷ ነበር። ሳጥኑን እንደተፈለቀቀ ይዛ ሱቁ ውስጥ ዘው አለች።

«ይሄ ነው ዳገት ሜዳ የሚያደርገው? አታፍርም?»

ሻጩ በር ላይ የቆመውን ደንበኛ ሰረቅ አድርጎ አየ። «እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ይኸው ገንዘብዎ።»

ተቀበለችው። ዝም ግን አላለችም፤ ወደ ደንበኛው ዞረች።

«ወንድሜ፣ መኪናህ ተርቦ አላት?»

«ኧረ የላትም።»

«እንግዲያው ካንዴላና አየር ማጣሪያ ቀይርላት። ከዚህ ጉድ ይሻልሃል።»

ቤት ስትገባ ባሏ ሊያበርዳት ሞከረ። «ተመለሰልሽ አይደል? በቃ ተይው።»

«የኔ ተመለሰ፤ የሌላውስ? ሳጥኖቹ እኮ አሁንም መስታወቱ ሥር ተደርድረዋል!» እራቷን ገፋ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ መኪና ወደ ኋላ ማቆም የምታስተምረው እዚያ ሱቅ በር ላይ ሆነ። ተማሪው ይገባል፣ ይወጣል፣ ሞተር ይጠፋበታል፤ ገዢ መግቢያ ያጣል። ሻጩ እየተበሳጨ ይወጣል።

«እትዬ፣ በሬን ዘጉብኝ እኮ!»

«መንገዱ የሁሉም ነው» ትለዋለች በመስኮት ብቅ ብላ። «ሳጥኖቹን አንሳና ያኔ ቦታ እቀይራለሁ።»

እሱ እስካሁን አላነሳም። እሷም ቦታ አልቀየረችም።