የቀትሩ ቁጥር

ኬክ አስዋቢዋ ስኳርን የጠላችው ገና ሳታረግዝ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተነፋ ዱቄት ስኳር ፊቷ ላይ ሲቦን፣ አፍንጫዋ ውስጥ ሲጋገር ኖሯል። የሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ክሬም ተረግጦ ጠቁሯል፤ ጫማ ይይዛል። የኬክ ቤቱ ባለቤት ጣቱን ክሬሙ ውስጥ ነክሮ ይልሳል፤ ያንኑ ጣት መልሶ ይነክርና "አቤት ጣዕም!" ይላል። እሷ ያኔ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

በስድስተኛ ወሯ ጤና ጣቢያው የእርግዝና ስኳር እንዳለባት ነገራት። መለኪያ፣ መውጊያና ደብተር ተሰጣት፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከዚያም ከየምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ እየለካች እንድትጽፍ።

የጠዋቱ ቁጥር ደህና ነበር፤ የማታውም እንዲሁ። ሥራ ቦታ የምትለካው የቀትሩ ግን ጉድ አፈላ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ። የምሳ ዳቦዋን በግማሽ ቀነሰች። ቁጥሩ ፍንክች አላለም። ጭራሽ ምሳውን ተወችና እየተንቀጠቀጠች የክሬም አበባ ትሠራ ጀመር። ቁጥሩ አሁንም እዚያው ነው።

መጋዘኑ ውስጥ የአይጥ ኩስ ተገኝቶ ኬክ ቤቱ አራት ቀን ሲዘጋ ቤት ዋለች። ቁጥሩም ወረደ። አማቷ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን አገላበጡ።

"አየሽ? ቤት ስትውዪ ደህና፣ እዚያ ስትሄጂ ሰማይ! ስትልሺ ነዋ የምትውዪው።"

"እማማ፣ ልጄን ይንሳኝ፣ አፌ አላስገባሁም።"

"በልጅሽ አትማዪ! የምትመርዢው እሱን አይደል?"

ከዚያ ቀን ወዲህ የገዛ እጇ ሳይቀር አስጠላት። እንቅልፍ እንደሚያስኬዳቸው ሰዎች ሳላውቀው እልስ ይሆን እንዴ እስከማለት ደረሰች።

ኬክ ቤቱ ተከፈተ፤ ቁጥሩም ወጣ። ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ ለቀትር የኢንሱሊን መርፌ አዘዘላት። አወጋጉን ልትማር በማግስቱ ከሥራ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ነርስ ሄደች። በር ላይ ሲጠብቋት የነበሩት አማቷም "እኔ ፊት ይነገራት" ብለው ተከትለው ገቡ።

"ዛሬ ምሳ ምን በላሽ?" አለች ነርሷ።

"ምንም። ከተውኩት ሁለት ሳምንት ሆነኝ።"

"ሳትበዪ ነው ይሄ ሁሉ ስኳር?"

"ኬኩን ትልሳለቻ!" አሉ አማቷ።

ነርሷ የነፍሰ ጡሯን እጅ አንስታ ጥፍሯ ሥር የተሰገሰገውን ነጭ ነገር አየች።

"ሥራ ቦታ ከመለካትሽ በፊት እጅሽን ትታጠቢያለሽ?"

"በሽርጤ እጠርገዋለሁ። ቧንቧው ጓሮ ነው፤ ባለቤቱ ሥራ ትተሽ አትሂጂ ይላል።"

ነርሷ እንዲሁ እንዳለች ጣቷን ወጋቻት፤ ሁለት መቶ አርባ ሰባት። ከዚያ በሳሙና አሳጠበቻት፣ እጇን በደንብ አደረቀችላትና እንደገና ወጋቻት። ሰማንያ አራት!

"የለካሽው ጣትሽ ላይ ያለውን ስኳር ነው" አለች ነርሷ፤ ድምፅዋ ተለወጠ። "በዚህ ባዶ ሆድ ላይ መርፌውን ብትወጊ ኖሮ ራስሽን ስተሽ ነበር። ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፤ መርፌው ይቆይ። ሕመሙ ግን አለብሽ፤ እንዳትዘናጊ። ምሳሽን ብዪ፤ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ዳቦ ትንሽ። ከበላሽ በኋላ ተራመጂ። መራብ መድኃኒት አይደለም።"

"ታዲያ ካልላሰች ከየት መጣባት?" አሉ አማቷ።

"ከእርግዝናው ነው፣ እናቴ። እንግዴ ልጁ የሚያመነጨው ነገር ኢንሱሊኗን ሥራ ያስፈታዋል። ጥፋቷ አይደለም።"

ከነርሷ ዘንድ እንደወጡ ጤና ጣቢያው በር ላይ ካለችው ምግብ ቤት ገብታ፣ እጇን ሁለቴ ታጥባ፣ እንቁላልና ቁራሽ ዳቦ አዘዘች። አማቷ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ቀስ ብላ፣ ሳታፍር በላች።

"እኔ እኮ ለልጁ ብዬ ነው" አሉ። "ተቆጣሽ እንዴ?"

"አልተቆጣሁም፣ እማማ። አስጠልተውኛል።"

አፏን ጠርጋ ተነሳች። አማቷ ታክሲ ሊጠሩ እጃቸውን ሲያነሱ፣ "እኔ በእግሬ ነኝ" አለችና መንገዱን ያዘች። እሳቸውም ረስታው የወጣችውን ቦርሳዋን አንጠልጥለው፣ አምስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተከተሏት። ዞር ብላ አላየቻቸውም።